የእትዬ ደወል ሦስት ምት

በዚያ ትምህርት ቤት ሰዓት ማለት እሷ ናት። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት አስር ከሩብ ላይ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እሷ እያለች ማን ባትሪ ሊቀይርለት ይቸገራል? ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው መሀል ካለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ በብረት ዘንግ ታስጮኸዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ደቂቃ ቀድማም ዘግይታም አታውቅም። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት መታወቂያዋና ባሏ ብቻ ናቸው፤ ለቀረው ሰው እትዬ ደወል ናት።

ወረቀት ላይ ያለው የሥራ መደቧ «የጽዳት ሠራተኛና ተላላኪ» ይላል። ወረቀት መቼ ሁሉን ይናገራል። ክፍል ትጠርጋለች፣ ሰሌዳ ታጥባለች፣ የተፈነከተ ግንባር ታስራለች፣ የሚደባደቡ ልጆችን ኮሌታቸውን ይዛ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ታስቀምጣለች። ቁመቷ ከአምስተኛ ክፍል ልጆች ብዙም አይበልጥም፤ እምቢ ካለች ግን የሚያነቃንቃት የለም። ዳይሬክተሩ ልጅ ሆኖ እዚያው ሲማር ንፍጡን የጠረገችለት እሷ ናት። ስለዚህ ሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ»። እሱም ይህን ለማስተካከል ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ትቶታል።

እሷም በጊዜዋ ተማሪ ነበረች፤ እስከ አራተኛ ክፍል። አንድ ቀን የሒሳብ መምህሩ ድንገት ዞሮ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አላት። ታውቀዋለች። ሃምሳ ስድስት። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ከሐሳቧ ተነሥቶ አፏ እስኪደርስ ትንሽ መንገድ አለው። ብድግ ብላ ቆማ፣ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ አፏን ልትከፍት ስትል መምህሩ «ተቀመጪ» አለና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ በተረሳ፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻ ካርዷ ላይ «ዘገምተኛ ናት» ተብሎ ተጻፈ። አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችግራቸው ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ ማመናቸው ነበር። «እንግዲህ መምህሩ ካሉ ምን ይደረጋል» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት እኩዮቿ ደብተር ይዘው ሲያልፉ እሷ በራፍ ላይ ቆማ አየቻቸው።

እስከ ዛሬ ድረስ መስኮት ስትወለውል ወይም ባልዲ ስትሞላ ድንገት «ሃምሳ ስድስት» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። የሚሰሟት ልጆች የሆነ ነገር እየቆጠረች ይመስላቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው ስክሪኑ የመጣ ጊዜ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ከተማው ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈልግ ልጅ ፈረንሳይኛ መፈተን ግዴታው ነው። የፈረንሳይኛ መምህር ደግሞ እዚያ መንደር አይበረክትም። አራት ተመድበው አራቱም ሄደዋል፤ የመጨረሻው ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ከዚያ ትምህርት ቤት አዳሪ የገባ ልጅ አንድም አልነበረም። ልጆቹ ሰንፈው አይምሰላችሁ፤ ያላስተማሩትን መፈተን የቢሮ ሰዎች ቀልድ ነው፣ የሚስቁበትም እነሱ ብቻ ናቸው።

በስንት ደብዳቤ የትምህርት ቢሮው አንድ ትልቅ ስክሪን፣ ካሜራና ድምፅ ማጉያ ላከ፤ ከትልቁ ከተማ ሆና በቀጥታ የምታስተምር መምህርትም ተመደበች። ስክሪኑ የተሰቀለው ድሮ መስኮት በነበረበት ግድግዳ ላይ ነበር። መስኮቱን የደፈነው የእትዬ ደወል ባል፣ ግንበኛው ነው። ልጆቹም መምህርቷን «የመስኮቷ መምህርት» አሏት።

ከዕቃው ጋር ደንብ ተከትሎ መጣ። «በቀጥታ ትምህርቱ ወቅት አንድ አዋቂ ሰው ክፍሉ ውስጥ መገኘት አለበት» ይላል። መምህራኑ በየክፍላቸው ናቸው። ዳይሬክተሩ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘና ዓይኑ መጥረጊያ ይዛ የቆመችው ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ምንም አትነኪም፣ ምንም አትናገሪም።»

«አልነካም» አለች። ላለመናገር ግን ቃል አልገባችም።

የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። የመምህርቷ ድምፅ እየዘገየ ይደርሳል፤ አንዳንዴም መሀል ላይ ቆም ይልና ይቀጥላል። ልጆቹ ጨረሰች ብለው ሲመልሱ እሷ ገና ጥያቄው አጋማሽ ላይ ናት። ድምፅ ከድምፅ ሲጋጭ ማጉያው ይንጫጫል፣ ምስሉ ይቆማል፣ የማን አፍ ምን እንዳለ አይታወቅም። ቴክኒሻን ተጠራ። ሳጥኑን ከፍቶ አየ፣ መልሶ ዘጋ፣ «ኔትወርክ ነው» ብሎ ሄደ። ይህንንማ የአንደኛ ክፍል ልጆችም ነግረውት ነበር።

እትዬ ደወል ከኋላ ሆና ስትቆጥር ሰነበተች። ጊዜን በጆሮዋ የምታውቅ ሴት ናት። የመምህርቷ ድምፅ ዝም ካለ በኋላ እስከ ሦስት ተቆጥሮ ሌላ ቃል ካልመጣ በእርግጥ ጨርሳለች ማለት ነው፤ ይህን ደረሰችበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የደወሉን ዘንግ ይዛ ገባች። ጥያቄው ሲያልቅ የወንበሩን እግር ቀስ አድርጋ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መታች። በሦስተኛው ምት ለልብስ ሰፊው ልጅ በአገጯ ምልክት ሰጠቻት። ይህች ልጅ ከአሥራ አንዱ ተማሪዎች ሁሉ ዝምተኛዋ ናት፤ ክፉኛ ስለምታፍር ስሟን ስትጠራ እንኳ ጫማዋን ነው የምታየው። ምቱን ሰምታ መለሰች። ድምፅዋ ሳይቆረጥ ሄደ፤ ከዚያ ማዶ የመምህርቷ ፊት በራ።

«ይህ የሚንኳኳው ምንድነው?» አለች መምህርቷ።

ልጆቹ ዝም ብለው ጠበቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ደወል ናት» አሉ በአንድ አፍ።

ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ሦስተኛው ምት ሳይሰማ አፍ የሚባል አይከፈትም። ሦስቷ ምት ደግሞ ያልታሰበ ሥራ ሠራች። በዚያች መሀል የሚያስበው ያስባል፣ የፈራው ትንፋሹን ይሰበስባል፣ የልብስ ሰፊው ልጅም ዓይኗን ከጫማዋ ላይ ታነሣለች። ከዚያ ክፍል ውስጥ «ተቀመጪ» የሚለው ቃል ጠፋ። እትዬ ደወል ይህን ስታይ ደስ አላት፤ አንጀቷም አረረ። እሷስ በጊዜዋ የፈለገችው ሦስት ምት ብቻ አልነበረም እንዴ?

እሷም አብራ ተማረች። ተማሪ ብሎ የመዘገባት የለም፤ ጆሮዋን ግን ማን ይዘጋዋል። ወንበሩን፣ ባልዲውን፣ በሩን፣ የደጁን ጭቃ ሁሉ በፈረንሳይኛ እየጠራች ትጠርጋለች። ቤት ስትገባም አይለቃትም።

«አንቺ ሴትዮ» ይላታል ግንበኛው፣ «በአንዱ ቋንቋ ቁም ስቅሌን ስታሳዪኝ ኖረሻል። ሁለተኛውን ምን ልታደርጊበት ነው?»

«በሁለተኛው የምልህን አትሰማውም። ለአንተም እረፍት ነው።»

ይስቃል፤ ሲስቅ የሲሚንቶ አቧራ ከቅንድቡ ይረግፋል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከብብቱ ሥር በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጥሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ። አዲስ ደብተር ነበር።  ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም። ደብተሩን በአራት ወር ሞላችው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተሙ ከጽሑፉ የሚበልጥ። የከተማው ትምህርት ቤት ስክሪኑን ጠይቋል። ስለዚህ አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ልጆቹን ስክሪኑ ተዘግቶ በአካል ይጠይቃል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ካልመለሱ መሣሪያው «የተሻለ ውጤት ወደሚያስገኝበት» ይዛወራል።

«የከተማው ትምህርት ቤት ስንት የፈረንሳይኛ መምህር አለው?» አለች እትዬ ደወል።

«ሦስት» አለ ዳይሬክተሩ።

«በሥጋ የሚራመዱ?»

«በሥጋ።»

«እና የእኛን አንዲቷን፣ እሷንም በግድግዳ የመጣችውን ሊወስዱ ነው።» መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ይህቺ የልብስ ሰፊው ልጅ ለፈተናው ሦስት ወር ነው የቀራት። እኔ ይህን ስክሪን አልሰጥም፤ ንገራቸው።»

«እኔ ለማን ነው የምናገረው እትዬ? እኔ የምሰማ እንጂ የምናገር ሰው አይደለሁም።» እውነቱን ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ በሚመጣበት ጠዋት ዳይሬክተሩ ኮት ለብሶ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ውጭ ሁኚልኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«የብረት ዘንግ የያዘች ሴት ከኋላ ተቀምጣ ቢያይ ምን ይላል? ልጆቹን በዱላ የምናስተምር ነው የሚመስለው።»

«ደንቡ አዋቂ ሰው ይኑር ይላል።»

«እኔ እኖራለሁ። እኔ አዋቂ አይደለሁም?»

«እንደ ቀኑ ነው» አለችው። ግን ፈርቶ ነበር፤ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፏቸዋል። ድሮ ንፍጡን ስትጠርግለት የነበረው ፊቱ መጣባትና ቁልፎቹን አስተካክላለት ወጣች። ያችን እሺታዋን እስከ ዛሬ ትረግማታለች። ስለ ምቱ ያሰበ ማንም አልነበረም። ስክሪኑ ከተዘጋ መዘግየት የለም፤ መዘግየት ከሌለ ምት ምን ይሠራል? እሷም እንዲሁ ነበር ያሰበችው። ለልጆቹ ግን ፈረንሳይኛ ያለ ምትም የሚነገር ነገር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለ ሰው ነበር፣ እሱ ደግሞ አንዳንዴ ይብሳል። በዚያ ቀን አራት ትምህርት ቤት ማዳረስ አለበት። ቅጹ ላይ ጥያቄዎቹ በፈረንሳይኛ ተጽፈው ከሥራቸው አነባበባቸው በእኛው ፊደል ሰፍሮለታል፤ ከጎናቸው «በአምስት ሰከንድ ውስጥ መልሷል / አልመለሰም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ። ስክሪኑ ተዘጋ። እትዬ ደወል ውጭ፣ ካልተደፈነው መስኮት ሥር አንዱን ቦታ ደጋግማ መጥረግ ጀመረች፤ ጆሮዋ ግን ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው።

ጥያቄ ሰማች። ቀላል ናት፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሣለህ የምትል። ከዚያ ዝምታ።

«ቀጣይ።»

ሌላ ጥያቄ። ዝምታ።

«ቀጣይ።»

መጥረጊያው እጇ ላይ ቆመ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ልጆቹ አሥር ጊዜ የመለሱት ጥያቄ ነው። ከዚያ የልብስ ሰፊው ልጅ ስትነሣ ወንበሯ ሲጢጥ ሲል ሰማች፤ ያችን ወንበር በድምፅዋ ታውቃታለች። አባትሽ ምን ይሠራል ተባለች። ዝምታ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እትዬ ደወል ልጅቷ ምን እያደረገች እንደሆነ በዓይኗ ያየች ያህል አወቀች። እየጠበቀች ነው። ስድስቱም እየጠበቁ ነበር። እሷን።

«ተቀመጪ» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

ያችን ቃል ስትሰማ ከአርባ ዓመት በላይ የተኛ ነገር ተነሣባት። መጥረጊያውን ጣለች። ዘንጉን አነሣች። አልሮጠችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ዛፉ ሄደች። ለእረፍት ገና አርባ ደቂቃ እንደሚቀር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ያልተዛነፈ ደወሏን ታውቃለች። አንዴ መታችው። ሁለቴ። ሦስቴ።

ጉድ ፈላ። የየክፍሉ በር ተበረገደና የትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ ግቢው ላይ ፈሰሱ፤ መምህራኑ ጠመኔ በእጃቸው እንደያዙ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ተከተሉ። ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገራት ዳይሬክተሩ ነው። በሦስተኛው ምት፣ ተጠይቀው ዝም ያሉት ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉና ስድስት የተለያየ መልስ በአንድ ጊዜ መለሱ። አንዱ በአንድ ሰዓት እነሣለሁ ይላል፣ አንዷ ሁለት ወንድሞች አሉኝ ትላለች፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ደግሞ አባቴ ልብስ ይሰፋል ብላ እስከ መጨረሻው ተናግራ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ፣ ተቀመጠች። የሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ።

በሩ ላይ ብቅ አለ። «ማነው የደወለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰዓቱ ደርሷል?»

«አልደረሰም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ ሴትዮ?»

«እርስዎ አልጠብቅ ስላሉ ነው። ልጆቹ ያውቁታል። ምት ሲሰሙ ነው የሚመልሱት፤ እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው። ጥፋት ካለ የእኔ ነው። ዜሮውን ለእኔ ይስጡኝና እነሱን እንደገና ይጠይቋቸው።»

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

«እየሠራሁ ነው» አለችና በጎኑ አልፋ ገባች። ከኋላ ያለው ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፣ ዘንጉን ጭኗ ላይ አጋድማ። «ስክሪኑ ይከፈት። እርስዎ ይቀመጡ፤ አንዴ ይማሩበትና ይዩት።»

ሱፐርቫይዘሩ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ፤ ይቺን ሴት አስወጣልኝ ማለቱ ነበር። ዳይሬክተሩ ሴትዮዋን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሄዶ ስክሪኑን ከፈተው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሳይፈቀድለት ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

የመስኮቷ መምህርት ብቅ አለች። እንግዳ መኖሩን ስታይ በፈረንሳይኛ አላስቸገረችውም፤ በገዛ ቋንቋው ሰላም ብላ ስለ መንገዱ ጠየቀችው። እሱም ወዲያው መለሰ። ድምፁ ከእሷ ቀሪ ቃል ጋር ተላተመ፤ ማጉያው ተንጫጫ። «ምን አሉኝ?» አለች። «ደህና ነኝ ነው ያልኩት» አለ፣ እንደገና ተጋጩ። ሦስተኛ ሞከረ፤ ምስሉ ቆመ። አፍ በፈታበት ቋንቋ ደህና ነኝ ማለት አቅቶት ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከልጆቹ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲል አመለጠው። በአራተኛው እትዬ ደወል የወንበሩን እግር መታች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሱፐርቫይዘሩ ሳያስበው ጠበቀና «ደህና ነኝ» አለ። ጥርት ብሎ ተሰማ።

ቅጹን አነሣ። ከዚያ የቀሩትን አምስት ልጆች በምት ጠየቃቸው፤ አምስቱም መለሱ።

«ስድስቱስ?» አለች እትዬ ደወል።

«ገብቶኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ቅጹ አንድ ዕድል ነው የሚሰጠው። ስድስቱ በቀለም ተሞልተዋል። እኔ አልሰርዝም።»

«እጅዎ ነው የማይሰርዘው ወይስ ቅጹ?»

እሱ ቅጹን አጥፎ ወደ መኪናው ሄደ። መልሱን አልጠበቀችም ማለት ግን አይቻልም።

መኪናው ከሄደ በአሥረኛው ቀን ሁለት ደብዳቤ በአንድ ፖስታ መጣ። አንደኛው በወሩ መጨረሻ ሰዎች መጥተው ስክሪኑን ይነቅላሉ ይላል። ሁለተኛው ለእሷ የተጻፈ ነው፤ ደወል ያለ ሰዓቱ በመምታት የሥራ ሂደት ስላወከች ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፣ ከሥር ባለው ባዶ ቦታ የጽሑፍ ማብራሪያ ሰጥታ ትመልስ።

«አጥፍቻለሁ፣ አይደገምም ብለሽ ጻፊና ይለቅ» አለ ዳይሬክተሩ። «እትዬ፣ ሁለት መስመር ናት። እኔ ልጻፍልሽ?»

«እጅ አለኝ።»

ሁለት ቀን ጻፈችው። ልጆቹ ሊያግዟት ሲመጡ አባረረቻቸው፤ የግንበኛው ደብተር ገጽ በገጽ ተገለጠ። ስትጨርስ አጠፈችና በፖስታው ከተተችው። ዳይሬክተሩ ሊያየው ጠየቃት። «ብታየውም አታነበውም» አለችው። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። በፈረንሳይኛ ነበር የጻፈችው።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ስልክ ጮኸ። እትዬ ደወል የቆመውን ሰዓት መስታወት እየወለወለች ነበር። ዳይሬክተሩ ስልኩን አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ናቸው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ «አቤት፣ አቤት» አለ። ከዚያ የስልኩን አፍ በእጁ ሸፈነ።

«ደብዳቤሽን እዚያ የሚያነበው ሰው ጠፍቶ ለከተማው ትምህርት ቤት ላኩት። ከሦስቱ መምህራን አንዱ አንብቦ ሁለት ስሕተት በቀይ አርሞ፣ ከሥሩ 'ይህች ተማሪ የማን ናት?' ብሎ ጽፎ መለሰው።» ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ ሰማና ቀጠለ። «የእነሱ ተማሪዎች እንደዚህ አይጽፉም ብሏል። ስድስቱ ልጆች እንደገና ይጠየቁ ተብሏል፤ እስከዚያ ስክሪኑን የሚነካው የለም። ዘንጉን ይዘሽ ትገቢያለሽ።»

 እትዬ ደወል መስታወቱን አጥብቃ አሸች።

«ደግሞ» አለ ዳይሬክተሩ፣ «ትርጉሙን እያነበቡልኝ ነው። 'ደወሉን ያለ ሰዓቱ መትቻለሁ። አላጠፋሁም። ነገም ቢሆን እመታዋለሁ። የጠየቀ ሰው መልሱ እስኪመጣ ይጠብቅ።' እስከዚህ ገብቷቸዋል። የመጨረሻዋ መስመር ነች ያስቸገረቻቸው። 'ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው' ይላል። ኃላፊው፣ ይህን ምን አመጣው፣ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

እትዬ ደወል ጨርቁን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዘንጓን ከበሩ ጥግ አነሣች፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ዳይሬክተሩ ስልኩን እንደያዘ ጠበቃት። ከስልኩ ማዶ ያሉት ሰውዬም ሳይወዱ በግድ ጠበቁ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ተጠይቄ ነበር በላቸው» አለችና ደወሏን ልትመታ ወጣች።